በንጉሡ ነው በእሳቱ?

ሰኞ፣ 1ኛ ቀን

ቀኑን የምቆጥረው ከኮንትራቴ ነው። ዘጠና ቀን። በአራት ዓመት ውስጥ አምስተኛዬ ስለሆነ መቁጠሩን ለምጄዋለሁ።

ቦታው መካከለኛ ሆስፒታል ነው፤ ሁለት ፎቅ፣ ረጅም ኮሪደር፣ መጨረሻው ላይ የኔ ክፍል። በሩ ላይ «የአይቲ ኃላፊ» የሚል ወረቀት ለጥፈውልኛል፤ ከሥሩ ግን «አንሶላ ማስቀመጫ» የሚለው የድሮ ጽሑፍ ገና አልተፋቀም። ሰርቨሩም አንሶላ ይደረደርበት የነበረው መደርደሪያ ላይ ነው የተቀመጠው። ማቀዝቀዣው ያንጠባጥባል፣ ባልዲ አስቀምጠውለታል። ባልዲውን የሚደፋው ማነው ብዬ ብጠይቅ «የአይቲ ኃላፊው» አሉኝ።

ሥራው ግልጽ ነው። በወረቀትና በአሮጌው ሲስተም የተበታተነውን ሠላሳ አንድ ሺህ የታካሚ ካርድ ወደ አዲሱ ሲስተም ማዛወር፣ ተደጋግሞ የተመዘገበውን ማዋሃድ። ሥራ አስኪያጁ እጄን ጨብጦ «ውጤቱን እንየውና ቋሚ እናደርግሻለን» አለኝ። ይህን ነገር ከዚህ በፊትም አራት ቦታ ሰምቼዋለሁ። የዛሬው ግን ሲናገር ዓይን ዓይኔን እያየ ነው።

ለባለቤቴ የሙከራ ጊዜ ነው ብዬዋለሁ። ሦስት ወር ሙከራ፣ ከዚያ ቋሚ። ውሸት አይደለም፣ ትንሽ የቸኮለ እውነት ነው።

ረቡዕ፣ 3ኛ ቀን

ካርድ ክፍል ዋልኩ። እስከ ጣሪያ ድረስ ካርድ፣ አንድ መሰላል፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ኋላ አንድ ሽማግሌ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙም ጥበቃውም «ጋሼ ካርድ» ነው የሚላቸው። ስምንት ወር ቆይተው ጡረታ ይወጣሉ።

ታካሚ መጥቶ ስሙን ሲናገር ቀና ይሉና «በንጉሡ ነው በእሳቱ?» ይላሉ። ንጉሡ ሠ ወይስ እሳቱ ሰ ማለታቸው ነው። ስሙ ሀ ካለበት ደግሞ «በሃሌታው ነው በሐመሩ?» ይቀጥላሉ። ልጅ እያለሁ በቃል ጽሕፈት ነጥብ ያስቀነሱኝ ፊደሎች ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሁለት።

አንዲት ሴትዮ «እኔ እንጃልዎት ጋሼ፣ ስሜ ስሜ ነው» አለቻቸው። «እንግዲያው እኔ አውቅልሻለሁ» ብለው ካርዷን ሳይፈልጉ አወጡት። ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ደስ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ግን ሠላሳ አንድ ሺህ ካርድ በአንድ ሰው ጭንቅላት አይያዝም። የካርዱ ቁጥር እንኳ በየዓመቱ ከአንድ ስለሚጀምር ለምንም አይረዳም። እኔ የተቀጠርኩት ለዚህ ነው።

ሐሙስ፣ 11ኛ ቀን

ሩጫ። ፕሪንተር። ሁለት ነርሶች ፓስዎርድ ረሱ፣ አንድ ሐኪም የራሱን በትልቁ ጽፎ ስክሪኑ ላይ ለጠፈ። ጋሼ ካርድ ክፍሌ በር ላይ መጥተው «ልጄ፣ ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። ስልክ ጆሮዬ ላይ ነበር። በእጄ «በኋላ» አልኳቸው። ሄዱ።

ሰኞ፣ 15ኛ ቀን

ከታቀደው ሁለት ቀን ወደኋላ ቀርቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ በኮሪደር ሲያልፍ «እንዴት ነው ነገሩ?» አለ። «በጣም ጥሩ» አልኩ። ምሳ አልበላሁም። ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ።

ዓርብ፣ 26ኛ ቀን

ነገ ማዋሃጃውን አስኬዳለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሠራው የነበረ ፕሮግራም ነው። ሠን እና ሰን፣ ሀን እና ሐን፣ ጸን እና ፀን እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ ስም ከነአባት ከነአያት ሲገጥም፣ ጾታ ሲገጥም፣ ዕድሜ በሁለት ዓመት ሲቀራረብ ሁለቱን መዝገብ አንድ ያደርጋል። ጸሐፊዎች እንደመጣላቸው እየጻፉ አንዱን ሰው ሁለት አድርገውታል፤ እኔ ራሴ በዚህ ደብተር ላይ የምጽፈው እንደመጣልኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ካርድ አንድ እፍኝ ካርድ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ያንን ነገር ሳልነግርሽ... እነዚህን እያቸው፣ የፊደሉ ነገር...» ሲሉ «ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ የፊደሉን ነገር ኮምፒውተሩ ያውቀዋል» አልኳቸው። በክብር ነው ያልኳቸው። ፈገግ ብዬ ነው ያልኳቸው። ካርዶቻቸውን አስተካክለው «እንግዲህ ካወቀው ጥሩ» ብለው ወጡ።

ቅዳሜ፣ 27ኛ ቀን

አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥንድ ተዋሃደ! በአሥራ አንድ ደቂቃ። ባዶ ኮሪደር ላይ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ለሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ላክሁለት፤ «ጎበዝ!» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ቅዳሜ መሆኑን እንኳ አላየም ሰውዬው።

ማክሰኞ፣ 37ኛ ቀን

በስብሰባ ላይ ስሜ ተነሣ። «የቋሚ ቅጥር ዕቅድ ውስጥ ገብታለች» አለ፣ ሁሉም ፊት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው መኪና መንዳት የሚያስተምርበትን ድምፅ አውጥቶ «ቀስ፣ ቀስ፣ አሁን ማርሽ ቀይሪ» አለኝና ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ከዚያ ለእናቱ ደወለ። «ቋሚ ሆነችልን እማዬ» ሲል ሰማሁት። ላርመው ነበር። ግን እናቱ ከዚያ ማዶ እልል ሲሉ ምን ብዬ ላርመው?

ማክሰኞ፣ 51ኛ ቀን

ዛሬ አንዲት ታካሚ ልትሞት ነበር። ስሟን አልጽፈውም፣ የታካሚ ስም ነው። እግሯ ላይ ቁስል አመርቅዞባት ነው የመጣችው። ሐኪሟ ስክሪኑን አየች፤ «የመድኃኒት አለርጂ፦ የለም» ይላል። ፔኒሲሊን ታዘዘ። መርፌው ከተሰጣት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጉሮሮዋ አብጦ መተንፈስ አቃታት። መርፌውን የሰጠቻት ነርስ ስትሮጥ አይቻለሁ፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ኮሪደር ላይ ቀርቶ ነበር። አሁን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት።

ምን እንደተፈጠረ አላውቅም። የሲስተም ጉዳይ ላይሆንም ይችላል።

ሐሙስ፣ 53ኛ ቀን

የሲስተም ጉዳይ ነው።

ማንም ሳይኖር ካርድ ክፍል ገብቼ የወረቀት ካርዷን ፈለግሁ። አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ስም፣ አንድ የአባት ስም፣ አንድ የአያት ስም፣ በዕድሜ የአንድ ዓመት ልዩነት። አንዷ በንጉሡ ሠ ተጽፋለች፣ በቀይ «ፔኒሲሊን በፍጹም» የሚል አለባት። ሌላዋ በእሳቱ ሰ፣ ምንም የላትም፤ ማዋሃጃዬ ያስቀረው የዚችኛዋን ነው። ሌላ ካርድ አወጣሁ፤ እንደዚያው። ሌላም።

አሁን ነው የገባኝ። ጋሼ ካርድ ፊደሎቹን የሚለዩት ለአጻጻፍ ደንብ ተጨንቀው አይደለም። ሞክሼ ሰው ሲመጣባቸው አንዱን በንጉሡ፣ አንዱን በእሳቱ ይጽፉታል። ለታካሚውም እንደዚያው የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ይሰጡታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰውን ከሰው የለዩት በዚህ ነው። እኔ በአሥራ አንድ ደቂቃ ደባለቅሁት።

ወዲያው አራት መቶ አሥራ ሁለቱም መዝገብ ላይ «ከወረቀት ካርዱ ያረጋግጡ» የሚል ቢጫ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ አደረግሁ። ከዚህ በኋላ ማንም አይጎዳም። ይህን መጀመሪያ ማድረጌ ተገቢ ነው፤ ሌላው ይደርሳል። ለምን እንዳደረግሁት የጠየቀኝ የለም።

ማዋሃጃው መቼ እንደሄደ፣ በማን ስም እንደሄደ ሰርቨሩ ላይ፣ ሎግ በሚባለው የሥራ መዝገብ፣ ተይዟል። ሎጉ ከተመዘገበ በአርባ አምስተኛው ቀን ራሱን እንዲያጠፋ ያዘዝኩት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ቦታ ለመቆጠብ። ማክሰኞ፣ በ72ኛው ቀን ጠዋት ይጠፋል ማለት ነው። ቅጂ ማስቀረት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ነገ አደርገዋለሁ።

ዓርብ፣ 54ኛ ቀን

ሴትዮዋ ዓይኗን ገለጠች። እግዚአብሔር ይመስገን።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ካርድ ክፍል ሁለት ሰው ደባልቆ መዝግቧል ይላሉ፤ ከሲስተሙ በኩል ችግር አለ?» አለኝ። «እያጣራሁ ነው» አልኩት። «አይዞሽ፣ አንቺን ማንም አላለም። ሽማግሌው ደክመዋል፣ እኛም እያወቅን ዝም ብለናል» አለኝ። ያጽናናኝ እኔን ነው!

ጋሼ ካርድን ከመስኮቱ አንሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጧቸው። ጥፋታቸውን በጽሑፍ እንዲያስረዱ ታዘዋል። የጡረታቸው ጉዳይ ከውሳኔው በኋላ ይታያል አሉ።

ቅጂውን አላስቀረሁም። ቀኑ አልበቃኝም።

እሑድ፣ 56ኛ ቀን

ባለቤቴ «ምን ሆነሻል፣ ፍሬን ይዘሽ ነው እንዴ የምትነጂው?» አለኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት። ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ፣ እግሬ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረገ። ደግ ሲሆንልኝ ይብስብኛል።

ቢያንስ ራሴን ልጠይቅ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው ወይ? ሰውዬው ነገሩን በግልጽ አልነገሩኝም። «አንድ ነገር ልንገርሽ» ማለት መንገር አይደለም። የተጻፈ መመሪያ የለም፣ አሠራሩን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው የለም። ማንኛውም ባለሙያ እንደኔ ያደርግ ነበር። ደግሞ እሳቸው የሚቀራቸው ስምንት ወር ነው፤ እኔ ገና ሃያ ዓመት እሠራለሁ። ይህንን የመጨረሻውን ከጻፍኩ በኋላ አነበብኩትና ላጠፋው ፈለግሁ። ይቀመጥ፤ ያሰብኩት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ 60ኛ ቀን

ሻይ ክፍል። ነርሶች፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፦
«ይሄ ቢጫ ነገር ከየት መጣ?»
«የኮንትራት ሠራተኛዋ ናት ያደረገችው። ጎበዝ ናት፣ ከጉድ አወጣችን።»
«ጋሼ ካርድ ግን አሳዘኑኝ። ትናንት ግምጃ ቤት ጓንት ሲቆጥሩ አየኋቸው።»
«ምን ታደርጊዋለሽ፣ እርጅና ነው።»
ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ሰኞ፣ 64ኛ ቀን

ኬብል ፍለጋ ግምጃ ቤት ገባሁ። ኬብል አያስፈልገኝም ነበር። ጋሼ ካርድ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። «ሰርቨሩ ሰላም ነው?» አሉኝ፣ እንደ ዘመድ። ሰላም ነው አልኳቸው። «ጋሼ፣ የጽሑፍ መልስዎን ጻፉ?» «ጽፌ ሰጠሁ።» ምን ብለው እንደጻፉ ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «አይዞዎት» የሚል ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «አይዞዎት» አልኳቸው። «አንቺም አይዞሽ ልጄ፣ ከስተሻል» አሉ።

ቅዳሜ፣ 69ኛ ቀን

ሎጉ ሊጠፋ ሦስት ቀን ቀረው። ቅጂ አላስቀረሁም። ሥራ አስኪያጁ የቋሚ ቅጥሩን ደብዳቤ ረቂቅ ላከልኝ፤ «ስምሽ በትክክል መጻፉን አረጋግጪ» ይላል። ስሜ ውስጥም አንድ ሠ አለች። በእሳቱ ጽፈዋታል። እኔ በንጉሡ ነኝ። እስከ ዛሬ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ መሰለኝ።

ሰኞ፣ 71ኛ ቀን

በዝርዝር ልጽፈው። ነገ ራሴን ማታለል ብጀምር እዚህ ይገኝ።

ኮሚቴው በአራት ሰዓት ተቀመጠ። እኔ የተጠራሁት ለቴክኒክ ማብራሪያ ነው። ያሰብኩትን ልናዘዝ፦ ሎጉ ነገ ጠዋት ስለሚጠፋ ዛሬ «ማጣራቴን አልጨረስኩም፣ ሁለት ቀን ስጡኝ» ብል ሁሉም ነገር በራሱ ይሄዳል። ዋሸች አልባልም። ጊዜ ጠየቅሁ እንጂ። ይህንን እያሰብኩ ነው የገባሁት።

ጋሼ ካርድ ከጠረጴዛው መጨረሻ፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ተቆልፎ። ሰብሳቢው የእሳቸውን የጽሑፍ መልስ እንዳነብበው አቀበለኝ። አንድ ገጽ ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ እያንዳንዷ ፊደል ቦታዋን የያዘች። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሞክሼ ታካሚዎችን በፊደል የምለየው እኔ ብቻ መሆኔን እያወቅሁ፣ ለአይቲ ኃላፊዋ በጊዜው አላሳወቅሁም። ኃላፊዋ ማወቅ የምትችልበት መንገድ አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በ56ኛው ቀን፣ እሑድ፣ እዚህ ደብተር ላይ ለራሴ የጻፍኩትን ጥብቅና ሰውዬው ከኔ አሳምረው ጽፈውታል። ልዩነቱ እኔ ራሴን ለማዳን፣ እሳቸው እኔን።

ሰብሳቢው «እንግዲህ ይህ ሙሉ የእምነት ቃል ስለሆነ፣ የእርስዎን ማብራሪያ በአጭሩ ሰምተን እንዝጋው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀልኝ። ለእኔ የቀረኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ እሱን አልኩት።

«ነግረውኛል።»

«ምን አሉ?» አለ ሰብሳቢው።

«ነግረውኛል። ሁለት ጊዜ ክፍሌ ድረስ መጥተዋል። በሁለተኛው ጊዜ ካርዶቹን ይዘው ነው የመጡት። ያላዳመጥኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ደግሞ መዝገቦቹን ያዋሃድኩት እኔ ነኝ። ሎጉ ሰርቨሩ ላይ አለ፣ አሁን ሄደን እንየው፤ ነገ ጠዋት ይጠፋል።»

ጋሼ ካርድ ጠረጴዛውን እያዩ «ልጄ፣ ምን ነካሽ» አሉ፣ በቁጣ ማለት ይቻላል። ሁላችንም ወደ አንሶላ ክፍሉ ሄድን። ስሜ ስክሪኑ ላይ ነበር። ቅጂውን ለማስቀረት የፈጀብኝ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ አሥራ ስምንት ቀን ነበር ጊዜ ያጣሁለት።

ስንወጣ ኮሪደር ላይ «ለምን እንደዚያ ጻፉ?» አልኳቸው።

«አልሰማሽማ። ያልተሰማ ነገር ተነገረ ይባላል? ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ 73ኛ ቀን

ጋሼ ካርድ ወደ መስኮታቸው ተመለሱ። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ኮንትራቱ አይታደስም፣ የቀረኝን ቀን የተዋሃዱትን በመለየት እጨርሳለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሲነግረኝ ዓይን ዓይኔን አላየም። «መጀመሪያ ቀን ብትናገሪው ኖሮ...» ብሎ ተወው። ልክ ነው።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሙከራ ሳይሆን ኮንትራት እንደነበር ጭምር። «ሴትዮዋስ? ዳነች?» አለ። የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው። እኔ ሄጄ እንኳ አላየኋትም። «ለእናቴ አንቺ ራስሽ ንገሪያት» ብሎ ተነሥቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ። ጨርቅ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ፣ እሱ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ።

እሑድ፣ 77ኛ ቀን

አማቴን ነገርኳቸው። «እልልታዬን ልመልስ ነው?» አሉ። ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ ምሳ በልቻለሁ ወይ ብለው ጠየቁ።

ማክሰኞ፣ 86ኛ ቀን

ከጋሼ ካርድ ጋር ካርድ ክፍል ነው የምንውለው። እሳቸው ወረቀቱን ይመለከታሉ፣ እኔ እየለየሁ እመዘግባለሁ። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ውስጥ ስልሳ ሦስቱ ሁለት ሰው ናቸው። ሌሎቹ በእውነትም ድግግሞሽ ነበሩ። ይህንን ሲሰሙ «አየሽ፣ ኮምፒውተሩም የሚያውቀው ነገር አለ» ብለው አሾፉብኝ።

ረፋድ ላይ አንዲት ሴትዮ እያነከሰች መስኮቱ ጋ መጣች። ቀጭን ናት፣ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሏል። ጋሼ ካርድ ተነሡላት። እኔ ማንነቷን ያወቅሁት እሳቸው ወደኔ ሲዞሩ ነው።

«ኮምፒውተሩን የምትሠራው ሰው እዚህ አለች አሉኝ» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኳት። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር እጇን አነሣች።

«ተይው። ልጆቼ እዚያ ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን ቆመዋል። ትንሿ እስከ አሁን ማታ ማታ ትንፋሼን እየተነሣች ታዳምጣለች። ይህንን እንድታውቂልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አውቄያለሁ» አልኩ።

ቁራጭ ወረቀቷን በመስኮቱ አሾለከችልኝ፤ የቁስል ማጠቢያ ቀኗ ነው። ካርዷን ራሴ ልፈልግ ተነሣሁ። መሰላሉ ላይ ቆሜ ስሟን ጮክ ብዬ፣ ፊደል በፊደል ጠየቅኋት፤ እሷም ፊደል በፊደል መለሰችልኝ። አውርጄ ቀዩን ጽሑፍ አሳየኋት። አነበበችው፣ በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ ወረፋዋን ልትይዝ ሄደች። ጋሼ ካርድ ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አድርገው የሚቀጥለውን ካርድ አነሡ።

«ጮክ ብለው ያንብቡልኝ ጋሼ» አልኳቸው።